ሁለተኛው መስመር

ጥቅምት 2

ዛሬ ምንም የለም። ልብስ አጠብኩ፣ ማንጎው ስር አሰጣሁ፣ ዝናብ መጥቶ መልሶ አረጠበው። ጾሙ ከብዶኝ ዋለ። ውሃ ውሃ አለኝ።

ዐወድ ከወርቅ ጉድጓዱ መጣ፣ እስከ ጉልበቱ ቀይ አፈር። "ሰዕዲያ፣ የእግር ውሃ አምጣ" አለኝ። "አምጪ በል፣ ወንድ ነኝ እንዴ?" ስለው "ውሃው ያው ውሃ ነው፣ አምጣ" ብሎ ሳቀብኝ። ካገባኝ ወዲህ "አንቺ" ብሎኝ አያውቅም። የበርታ ሰው ነው፣ አማርኛን ገበያ ላይ ነው የለመደው። እኔ ደግሞ የሰፋሪ ልጅ፣ እናቴ ከወሎ መጥታ አምባ፣ የሰፈራው መንደር ላይ የወለደችኝ። እዚህ ግቢ ሁሉም በርታኛ ነው የሚያወራ፣ ግማሹ ያመልጠኛል። ለዚህ መሰለኝ የምጽፈው... አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፣ ፊደሌም ያስቃል። ማን ያየዋል?

ካፈጠረ በኋላ ወዲያው ሲጋራ። "ቀኑን ሙሉ ጾመህ በጭስ ታፈርሰዋለህ?" አልኩት። ሲያስል ብቻ ሰማሁት።

ጥቅምት 5

ዛሬ ሆስፒታል ሄድን። ግን ደህና ነው... አንድ ነው የወጣው፣ ደህና ነው።

ጠዋት ዶማውን ሊሞርድ ደጅ ወጣ። ሲሞርድ እሰማዋለሁ፣ ከዚያ ዝም አለ። ብወጣ ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ ብሏል፣ ላብ በላብ። ጠዋት እኮ ነው፣ ብርድ ነው! "ምን ሆንክ?" "ጨጓራ" አለኝ። የያዘው ግን ደረቱን ነው። ጨጓራ እዚያ ነው እንዴ? "ድንጋይ ተቀምጦብኛል" አለ። ግራ እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል በቀኙ ደግፎ ይዞታል። ውሃ ቅመስ ብለው አፈጠጠብኝ። "ለታመመ ተፈቅዷል እኮ" አልኩት። "ማነው የታመመ?"

ሻዕባንን ጠራሁት፣ ታናሽ ወንድሙ ነው፣ ጉድጓዱን አብረው ነው የሚቆፍሩ። ከጎረቤት ሞተር ለምኖ አመጣ። እነሱ በሞተር፣ እኔ በእግሬ እየሮጥኩ፣ ነጠላዬ መንገድ ላይ ወድቆ ተመልሼ አነሳሁ።

ሆስፒታል ዶክተር ሞቱማ የሚባል ልጅ እግር ዶክተር ነው ያየው፣ ከወለጋ የመጣ፣ ሲናገር ቀስ የሚል። የልብ ማሽን አሰረበት። ወረቀቱን ገለበጠ፣ አገላበጠ፣ "ይሄ አልቆረጠልኝም፣ ደሙን እንይ" አለ። ዘንድሮ የመጣ ምርመራ አለ። ጣት የምታህል ነጭ ፕላስቲክ። ሲስተር ትሩፋት ደሙን ጠብ አደረገችባት። ቆመን አየን፣ ቀዩ እየተሳበ ሄደ፣ ሄደ... አንድ መስመር ወጣ። አንድ ብቻ። "ሁለት ቢሆን ነበር ልቡ ተጎድቷል የሚባለው" አለች። ሻዕባን "አልሀምዱሊላህ!" ብሎ ጮኸ፣ ኮሪደር ያለው ሰው ሁሉ ዞረብን።

ዶክተሩ ግን አልሳቀም። "ገና ነው" አለ። "ልብ አሁን ቢጎዳ ደም ላይ አሁን አይታይም። ደም ዘግይቶ ነው የሚሰማው። እዚህ ይተኛ፣ ከሰዓት ደግመን እንወስዳለን።"

"ደግሞ ደም?" አለ ዐወድ። "አይሆንም። አንዴ ሰጠሁ፣ እሱን አላህ ይቅር ይበለኝ። ደም እየደጋገሙ ካወጡ ጾም የለም።"

"ጋሽ ዐወድ፣ ለምርመራ ነው እኮ፣ ትንሽ ናት። ሼኾቹም አይከለክሉም።"

"አንተ ሼህ ነህ?"

ሲስተር ወደኔ ዞራ "አንቺ ንገሪው እንጂ፣ ሚስቱ አይደለሽ?" አለችኝ። እኔ? እኔ ምን ብዬ... "ዐወድ እባክህ" አልኩ፣ በቃ፣ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። "ሳፈጥር እመጣለሁ፣ ባልዲ ሙሉ ይቅዱ" ብሎ ተነስቶ ጫማውን ፈለገ።

ከመግሪብ በኋላ ቀለለው። ቴምር በላ፣ ሾርባ ጠጣ። "እንሂድ?" አልኩት። "የት? አንድ መስመር ነው፣ በዓይንህ አላየህም?" ሳቀ። ሻዕባንም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ምን አስቆኝ ነው?

ጥቅምት 6

ሁለት ነው።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይደምቃል።

ጥቅምት 7

ትናንት ሌላ መጻፍ አልቻልኩም። ሲነጋ መተኛት አቃተው፣ ጋደም ሲል ይታፈናል፣ ቁጭ ሲል ይንተፋተፋል። ከንፈሩ አመድ መሰለ። ለአዲሱ የክልል ቢሮ ድንጋይ የሚያመላልሰውን መኪና ሻዕባን መንገድ ላይ ቆሞ አስቆመው። ድንጋዩ ላይ አስቀምጠን ነው የወሰድነው። ያ ረቢ... ድንጋዩ ላይ።

ደሙን ሲቀዱት አላጉረመረመም። ይሄ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

ዶክተሩ መርፌ ሰጠው፣ የሚታኘክ ኪኒን ሰጠው፣ በአፍንጫው አየር አስገቡለት። አዲስ አበባ ውሰዱት ይለን ይሆን ብዬ ፈራሁ። "አሁን ያንን መንገድ አይችልም፣ እዚሁ እናረጋጋው" አለ። እሱንም ፈራሁት። ሁሉንም ነው የምፈራ።

ኮሪደር ላይ ተከትዬው ሄድኩ። "ዶክተር፣ ያ መስመር ምንድነው? በሽታው ነው?" አልኩት። ቆመልኝ። "በሽታው አይደለም" አለ። "የገዛ ልቡ ሥጋ ነው። ጎርፍ ሲመጣ የወንዝ ዳር ይናድ የለ? ውሃው ይደፈርሳል። እኛ የምናየው ድፍርሱን ነው። ከቀናት በኋላ ውሃው ይጠራል፣ መስመሩም ይጠፋል። የተናደው አፈር ግን አይመለስም። ገባሽ?" ገባኝ አልኩ። እውነትም ገብቶኛል። ባይገባኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 10

ዛሬ ተቀምጦ በላ። ዛሬ እኮ ቀለደም።

አጠገቡ ኻሚስ የሚባል ሽማግሌ ተኝቷል፣ ሆዱን ተቀዶ። ዶክተሩ አዲስ ጉዳት እንዳለ ልይ ብሎ ደም ሲያስወስድ ኻሚስ አልጋው ላይ ተንጠራራ። "አሳዩኝ፣ የዐወድን መስመር አሳዩኝ!" ሲስተር አሳየችው። "ቀጥኗል!" አለ። "የኔ ስፌት ግን እንደወፈረ ነው።" ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ፕላስቲኳ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች፣ አንዱ ቀጥኗል አለ፣ አንዱ ያው ነው አለ፣ ሊከራከሩ ሁሉ ምንም አልቀራቸው። ሲስተር ትሩፋት ነጠቀቻቸው። "በውፍረቱ አትፍረዱ፣ ጨርቅ ገበያ መሰላችሁ!"

ዐወድ ግን ዓይኑን አልነቀለም። "ቀጥኗል" አለኝ ዝቅ ብሎ። "ነገ ይጠፋል።" እሺ አልኩት። የዶክተሩን ነገር፣ የወንዙን፣ አፌ ድረስ መጣ... ሰው እየሳቀ እንዴት ይነገራል?

ጥቅምት 14

ቤት ገባን። መድኃኒቱን በየቀኑ፣ ሲጋራ የለም፣ ዶማ የለም፣ ጉድጓድ መውረድ መውጣት የለም። ዶክተሩ ይሄን ለሁለታችንም ነገረን፣ ሻዕባን በርታኛ አድርጎ ደገመው። ሲደግም ግን አጠረ። ዶክተሩ ብዙ ነው የተናገረው፣ ሻዕባን ትንሽ። ምኑን ተወው?

ከበሩ እስከ ማንጎው ሄዶ አረፈ። ከማንጎው እስከ በሩ ተመልሶ አረፈ። እናቱ እማማ ሀምዲያ እንዳላየች ሆና ስንዴ ትለቅማለች።

ጥቅምት 21

ቀጠሮ ነበር። ዐወድ ራሱ እጁን ዘርግቶ "ቅዳ" አለ። አንድ ወጣ።

ሦስቱም፣ እሱና ሻዕባን ዶክተሩም፣ መስመሩ እስኪረጋ ጠበቁ፣ ዐወድ ፕላስቲኳን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳት፣ ገለበጣት። አንድ። "ኸላስ፣ አለቀ" አለ። ዶክተሩ "ጋሽ ዐወድ፣ ይሄ አዲስ ጉዳት የለም ማለት ነው እንጂ ልብህ ዳነ ማለት አይደለም" አለው። "ተማም፣ ተማም" አለ ዐወድ፣ እሺ ማለቱ ነው። ተማም ሲል አይሰማም፣ አውቀዋለሁ።

መንገድ ላይ ለሻዕባን እንዲህ አለው፣ ለኔ ሲል በአማርኛ። "ወርቅ ስታጥብ ገበቴ ውስጥ ጥቁር አሸዋ እስካለ ታጥባለህ። አሸዋ አለቀ፣ ትነሳለህ። ደሜ ታጠበ፣ እኔ ተነሳሁ።"

"ዶክተሩ እንደሱ አላለም" አልኩ። "የሄደው የልብህ ሥጋ ነው። ሄዶ አለቀ እንጂ አልተመለሰም።"

ሁለቱም አዩኝ። "ዶክተር ሰዕዲያ!" አለ ሻዕባን። "የአምባ ዶክተር!" እስከ ቤት ድረስ እንደዚያ እያለ ሄደ። ዐወድ አልሳቀም፣ ግን አልከለከለውም።

ጥቅምት 22

ነገሩ ገባኝ። ለምን እንደቸኮለ።

የነሱ ጉድጓድ ከረመዳን መሀል ጀምሮ ቆሟል፣ እሱ ከታመመ ወዲህ። እነሱ ዘንድ ጉድጓድ ከርሞ ሲከፈት መጀመሪያ የሚወርደው መጀመሪያ የቆፈረው ሰው ነው። እሱ ወርዶ ግድግዳውን በእጁ ሳይዳብስ ማንም አይወርድም። ዐወድ ነው የቆፈረው። ከኢድ በኋላ ጓደኞቹ ሁሉ እሱን ነው የሚጠብቁ።

"ሻዕባን ይውረድልህ" አልኩት። "ሻዕባን አልቆፈረም።" "ታዲያ ይቅር።" "ሰው ሁሉ እኔን ብሎ ቁጭ ብሏል፣ ይቅር?" ደጁን አየና "እኔን ሴት አደረግከኝ፣ በር ላይ ተቀምጬ ሰው አያለሁ" አለ። ተቆጥቶ አይደለም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 24

ኢድ። ነጭ ለብሶ ከሶላት ሲመለስ እንዴት ያምር ነበር። ቀስ ብሎ ነው የሚራመድ፣ ሰው በዓሉን አክብሮ ይመስለዋል እንጂ ደክሞት እንደሆነ እኔ ብቻ አውቃለሁ። ልጆች ከረሜላ ሲጠይቁት ጎንበስ ብሎ ሰጠ፣ ቀና ሲል ግን በሩን ያዘ።

ዱዓ አደረግኩ። ምን ብዬ እንደሆነ አልጽፍም።

ጥቅምት 26

ሲስተር ትሩፋት ጋ ሄድኩ። ገበያ ብዬ። እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። "ሁለተኛው መስመር ተመልሷል በይው" አልኳት። "እባክሽ እህቴ። አንቺን ያምናል፣ ፕላስቲኳን ያምናል። እኔን አያምንም።"

ክንዴን ይዛ ቀና አደረገችኝ። "ሰዕዲያ፣ ዛሬ ብዋሸው ነገ እውነቱን ስነግረው ማን ያምነኛል?" አለች። "አምጪው፣ ዶክተሩ ራሱ ቁጭ አድርጎ ያናግረው።" እሷም ልክ ነች። ሁሉም ልክ ነው፣ እኔ ብቻ ትንፋሽ ያጥረኛል።

ቤት ስመለስ "ዶክተሩ ይፈልግሃል" አልኩት። "ከጉድጓድ ስመለስ" አለ።

ከዚያ እኔው ዋሸሁ። "መስመሩ ተመልሷል ብለዋል።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ደም ሳልሰጥ ከየት አገኙ?" አለና ሳቀ፣ እስኪያስለው ሳቀ። "ሰዕዲያ፣ ውሸት አትችልም።"

ጥቅምት 28

ወረደ። እሱ ብቻ ነው የወረደ፣ ግድግዳውን ዳብሶ ተመልሶ ሲወጣ መሰላሉ ላይ ቆመ አሉ። ቆሞ ቀረ። በገመድ ነው ያወጡት።

ጉድጓዱ ከከተማው ሩቅ አይደለም፣ በሞተር ቶሎ አደረሱት። ሰው ሲነግረኝ ሮጥኩ፣ ስደርስ አልጋ ላይ ነው፣ ዓይኑ ክፍት ነው፣ ላቡ ያው ላብ፣ ግራ እጁ ያው። ዶክተር ሞቱማ መድኃኒቱን ወዲያው ጀመረ፣ የማሽኑን ወረቀት አይቶ ፊቱ ተለወጠ። ሲስተር ደሙን ጠብ አደረገች።

አንድ።

"አንድ ነው!" ሻዕባን ዘለለ። "አንድ ነው! ልብ አይደለም! ድካም ነው፣ ረሃብ ነው!" ከጉድጓድ አብረውት የመጡት ሁሉ አላሁ አክበር አሉ፣ አንዱ ሌላውን አቀፈ። ሻዕባን ጆሮው ላይ ጎንበስ ብሎ ደጋገመለት፣ "አንድ ነው ወንድሜ፣ ንጹህ ነህ"። ዐወድ ፈገግ አለ።

እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አፌን ይዤ ነው፣ ግን ወጣብኝ። እንደ ለቅሶ ቤት አለቀስኩ። ገና ነዋ! ገና ነው! ደሙ አልሰማም ገና...

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ዐወድም አየኝ። "ሰዕዲያ፣ ለምን ታለቅሳለህ? ንጹህ ነኝ እኮ።"

ደግመው ደም ሊወስዱ ከሰዓት ብለው ነበር። ቀትር ላይ የዙሁር አዛን ሲል ሞተ።

ኅዳር 3

ኢዳ ላይ ነኝ፣ የባል ሐዘን። ከግቢ አልወጣም። እናቴ ከአምባ መጥታ አብራኝ አደረች፣ ሄደች።

ለተዕዚያ፣ ሊያጽናኑ የሚመጡት ሴቶች ውሃ ስሰጣቸው "ጠጥቻለሁ" ይላሉ። የሻዕባን ሚስት ስትሰጣቸው ይጠጣሉ። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር።

ኅዳር 6

ገባኝ። በርታኛው ግማሹ ያመልጠኛል፣ ይሄ ግን አላመለጠኝም። ሰው ሁሉ አላህን ሲያመሰግን እሷ ሙሾ አወረደች ነው የሚሉት። ደሙ ንጹህ ወጥቶ፣ እሱ እየሳቀ፣ እሷ በቁሙ አለቀሰችበት። እንባዋ ነው ሞትን የጠራው። አንዷ ደግሞ፣ ቀድማ ካላወቀች ለምን አለቀሰች? አለች። ሌላዋ ምላሷን ጠጠጠ አደረገች።

ቀድሜ አውቄ ነበር። ምን ልበላቸው?

ኅዳር 7

ደረቴን እይዛለሁ። ቶሎ ቶሎ ይመታል። የኔስ ደም ምን ይል ይሆን? አልሄድም። ማን ይወስደኛል?

ኅዳር 15

ሻዕባን ለሚመጣው ሁሉ ያወራል። "አንድ መስመር ነበር፣ በዓይኔ አየሁ፣ ወንድሜ ንጹህ ደም ይዞ ነው የሄደ።" እያለ ያለቅሳል። ከስቷል። ጉድጓዱን ደፍነውታል። እኔ ያለሁበት ክፍል ሲገባ ፊቱን ያዞራል።

ኅዳር 21

ዛሬ እማማ ሀምዲያ ብቻዬን ስሆን ጠብቃ መጣች። በሩን ገፋ አደረገችው። አማርኛዋ ትንሽ ነው፣ ቃል ከቃል እየፈለገች ነው የምታወራ።

"ያን ቀን... ደም አንድ ነበር፣ አይደል?"

"አዎ እማማ።"

"አንድ ጥሩ ነው። ሁሉ ደስ አለው። አንተ ለምን አለቀስክ?"

ዋሽቼ ላልፍ ነበር። ፈራሁ፣ ደክሞኛል ልላት፣ አላውቅም ልላት። ዓይኗን አየሁና ወጣልኝ። "ጊዜው ገና ስለነበረ ነው" አልኩ። "ልቡ ሞቷል፣ ደሙ ገና አልሰማም። ያን ጊዜም፣ በመጀመሪያው ቀን፣ እንደሱ ነው የሆነው። ጠዋት አንድ ነበር፣ በነጋታው ሁለት። ቆይተው ቢያዩት ኖሮ ሁለት ነበር እማማ። ልቡ ነው የገደለው። ጉድጓድ መውረድ አልነበረበትም፣ ዶክተሩም ነግሮ ነበር፣ ሻዕባንም ሰምቶ ነበር..." አላቆም አልኩ። በአንድ ትንፋሽ አወጣሁት፣ ገብቷት እንደሆነ እንኳን አልጠየቅኩ።

ገብቷታል። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ከዚያ እጄን ያዘች። ከሞተ ወዲህ እጄን የያዘ የለም፣ እናቴ ስትቀር። ደስ አለኝ እኮ! ትነግርልኝ ይሆናል ብዬ፣ ወጥታ ለሴቶቹ ትናገር ይሆናል፣ ልጄን የገደለው ልቡ ነው፣ ይቺን ተዉአት ትል ይሆናል...

"ሻዕባን አይስማ" አለች።

አየኋት።

"ሻዕባን፣ አንድ ነው ብሎ ዘለለ። ጆሮው ላይ ንጹህ ነህ አለ። ዶክተር ያለውን ተወው። ይሄን ከሰማ..." ቃል አጣች። በእጇ አንገቷን አሳየችኝ፣ ገመድ። "ሌላ ልጅ የለኝም። አንተ ተሸከም። አንተ ትችላለህ።"

እችላለሁ አላልኩም። አልችልም አላልኩም። እጄን አልለቀቀችም፣ እስክነቀንቅ ድረስ አልለቀቀችም። ነቀነቅኩ።

ከሰዓት ሻዕባን መጣ። ዐወድን በሞተር ካመጡት አንዱ አብሮት ነበር፣ "ያቺ ናት?" ሲለው ሰማሁ፣ "ያቺ ናት" ሲል ሰማሁ። ገንፎ ሠርቼ ነበር። በሳህን አቀረብኩ። አላየኝም። እናቱ ከእጄ ተቀበለችና እሷ ሰጠችው፣ ከኔ እጅ ስለማይበላ። በላ።